በሠላሳ አንድ ሳንቃ ላይ የተቀረጸ ነፋስ

ጉዴን ልንገራችሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል። ላለፉት ስድስት ዓመታት በጠራራ ፀሐይ ወፍራም ካፖርት ለብሳ፣ አንገቷን በሻርፕ ጠፍራ፣ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ መንገድ ላይ ስትሄድ ያያችኋት ሴትዮ እኔ ነኝ። ሐኪም ጋ ሳይቀር ሄጃለሁ። ሐኪሙ ዕድሜዬን ጠየቀኝና ፈገግ ብሎ «በዚህ ዕድሜ ያለ ነው» አለኝ። አኩርፌው ወጣሁ። ለነገሩ ዕድሜም አልነበረም፣ በሽታም አልነበረም። ጥፋቱ የወጥ ቤቴ መስኮት ነው።

ከወጥ ቤቴ መስኮት ኮረብታው ላይ ያለው የነፋስ ወፍጮ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለቤቱን ሁላችንም አባ ሸራ እንላቸዋለን። ወፍጮው እንደ መሰላል የተረበረቡ አራት ትልልቅ የእንጨት ክንፎች አሉት። አባ ሸራ በየማለዳው ክንፎቹን ተራ በተራ ወደ ታች ያመጡና በርብራቡ ላይ ወጥተው ሸራ ያለብሷቸዋል። ነፋሱ ደካማ ከሆነ አራቱንም ያለብሳሉ፤ ትንሽ ነፋስ ለመያዝ ብዙ ጨርቅ ያስፈልጋልና። ነፋሱ ሲበረታ ሁለቱን ብቻ። አውሎ ነፋስ ሲመጣ ክንፎቹን ራቁታቸውን ይተዋቸዋል። ስለዚህ የሰፈራችን ሰው ጠዋት ቀና ብሎ ሸራ ሳይቆጥር አይለብስም። አራት ከሆነ ስስ ሹራብ፣ ሁለት ከሆነ ካፖርት። እኔማ ከዛፍ ቅርንጫፍ ይልቅ አባ ሸራን ነው የማምነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ታዲያ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ነበር።

ለምን እንደሆነ የገባኝ እነዚህን ደብዳቤዎች ሳነብ ነው። የአባ ሸራ ጆሮ በወፍጮው ድንጋይ ጩኸት ስለደከመ ስልክ አይሆንላቸውም። ተገዝቶላቸው ነበር፤ «ሁሌም የሚያወራው ያኛው ሰው ነው፣ ለእኔ ተራ አይደርሰኝም» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ስለዚህ ባሕር ማዶ ካለችው ከእህታቸው የልጅ ልጅ ጋር በፖስታ ይጻጻፋሉ። እሷ አባባ ትላቸዋለች። ልጅ ሳለች ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ወፍጮ ቤት እየዋለች በጥያቄ ስለምታደርቃቸው ስሟን ረስተው «ጥያቄ» አሏት፤ ይኸው መሐንዲስ ሆናም አልተለወጠም። ደብዳቤዎቹን ያወጣሁት በሁለቱም ፈቃድ ነው። ፈቃዱን የጠየቅኩት አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ መሆኑ ሌላ ጉድ ነው፤ እሱን እንለፈው።

*

ጥቅምት 4

ለተወደዱት አባባ፣

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ እርስዎም ወፍጮውም ሳትቆሙ ታግኛችሁ። ጉልበትዎ ይጽና፣ ዓይንዎ አይድከም። እኔ ከብርዱ በቀር የሚያማርረኝ የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ባለፈው ሳምንት አዲስ የተተከለ የነፋስ ተርባይን አናት ላይ ወጥቼ ነበር። ውስጡ ሊፍት አለው፤ እባክዎ አይሳቁ። ላይ ስደርስ ያየሁት ሁሉ እርስዎ ያሳዩኝ ነው። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር እርስዎ ከኋላ ያለውን ግንድ በትከሻዎ እየገፉ የወፍጮውን ራስ ያዞሩት የለ? ይሄም ራሱን ያዞራል፤ የሚገፋው ሞተር ነው። ነፋሱ ሲበረታ እርስዎ ሸራ ይቀንሱ የለ? ይሄም ክንፎቹን ከውስጥ በብረት ዘንግ ጠምዞ ነፋሱን ያሳልፈዋል፤ ማንም ሰው አይወጣበትም። አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ ሊያስረዳኝ ሲጀምር «ተወኝ፣ ይሄን በሰባት ዓመቴ ተምሬዋለሁ» አልኩት። «የት?» ቢለኝ «ዱቄት ውስጥ» አልኩት።

አሁን ወደ ልመናዬ። መሥሪያ ቤታችን ለተመረጡ ትናንሽ ከተሞች አንዳንድ ተርባይን ሊተክል ነው፤ የውሃ ፓምፕና የጤና ጣቢያ መብራት የሚያንቀሳቅስ። የእኛን ከተማ ሳነሳ አለቃዬ «የስንት ዓመት የነፋስ መዝገብ አላችሁ?» አለችኝ። ምንም የለንም አልኳት። «መዝገብ የሌለውን ቦታ አናይም» አለችና ገጹን ገለበጠችው። እንዲህ ሆድ ብሶኝ አያውቅም። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ስቀመጥ ግን ሳንቃዎቹ ትዝ አሉኝ!

ከበሩ በስተጀርባ በየዓመቱ አንድ የሚቸነክሩት ሳንቃ፤ በየቀኑ ስንት ሸራ እንዳለበሱ በቢላዋ የሚጭሩበት። አባባ፣ ያ እኮ የነፋስ መዝገብ ነው። አራት ጭረት ደካማ ነፋስ፣ ሁለት ጭረት ብርቱ ነፋስ። እባክዎን ገልብጠው ይላኩልኝ። አንድም ቀን እንዳይዘሉ።

ሁሌም የእርስዎ፣
ጥያቄ

*

ጥቅምት 29

ለልጄ ለጥያቄ፣

መንገድሽን የቀና፣ እንጀራሽን የሰመረ ያድርግልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወፍጮውም ደህና ነው።

ሊፍት አልሽኝ። ከዛሬ ጀምሮ ደከመኝ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ።

ሳንቃዎቹን ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ አንድ ናቸው። እኔ ሳልሞት በፊት ማንም ይፈልጋቸዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አሥራ ሁለቱን ገልብጬ በዚህ ፖስታ ልኬልሻለሁ፤ የቀሩትን በየሦስት ቀኑ አስከትላለሁ። ስገለብጥ የማላውቀው ሰው ማስታወሻ የማነብ ይመስለኛል። ዘጠነኛው ሳንቃ ላይ አሥራ አንድ ቀን ክብ አለ። ክብ ማለት ወፍጮው የቆመበት ቀን ነው። ነፋስ ጠፍቶ አልነበረም፤ ልጄ የተዳረችበት ሰሞን ነው። አሥራ አንድ ቀን ምን ስሠራ እንደነበር አትጠይቂኝ።

ልጄ እንደምታውቂያት ናት። ልብስ ቤቷ ሞቅ ብሏል፤ አሁን መጋረጃ በብዛት ትሰፋለች። በየሳምንቱ ኮረብታውን ትወጣና ያንኑ ዘፈን ትዘፍንልኛለች። «አባዬ፣ ታች ውረድና ከእኔ ጋር ኑር። አንድ ቀን ከዚያ ክንፍ ላይ ተንሸራተህ ትወድቅና ሰው ይጠራኛል።» እኔም «ስወድቅ ራሴ እጠራሻለሁ» እላታለሁ። አትስቅም።

እዚያ አገር ቀለል ያለ ሸራ ይገኛል ይባላል። ካገኘሽ ላኪልኝ። የእኛው ዝናብ ሲመታው እንደ በሬ ይከብዳል።

ሰላም ሁኚልኝ፣
አባባሽ

*

ኅዳር 18

ለውድ አባባ፣

ደስታዬን በምን ልግለጽልዎ! ቤትዎን ሰላም ያድርግልኝ፣ እጅዎን ይባርክልኝ። ሠላሳ አንዱም ደርሰውኛል። ፖስታ አመላላሹ «ምንድን ነው በየሦስት ቀኑ የሚመጣልሽ?» ቢለኝ «ነፋስ» አልኩት፤ ከዚያ ወዲህ በሩን አንኳኩቶ ቶሎ ነው የሚሄደው።

ሁሉንም ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁት። አለቃዬ ሠላሳ አንድ ዓመት የተሞላ ሠንጠረዥ ስታይ መነጽሯን አወለቀች። ከሁሉ የገረማት የመጨረሻዎቹ ስድስት ሳንቃዎች ናቸው። እስከ ሃያ አምስተኛው ድረስ ብርቱ ነፋስ የነበረው ከሦስት ቀን አንድ ቀን ያህል ነው። ከሃያ ስድስተኛው ጀምሮ ግን ዓመቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ሁለት ጭረት! የከተማችን ነፋስ በርትቷል አባባ። ክፍሉ ውስጥ ሲያጨበጭቡልኝ እኔ የነፈስኩት ነው የመሰለኝ።

ጥር 25 ኮሚቴው ፊት ቀርቤ አስረዳለሁ። ለሪፖርቱ የሚሆን አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ፤ ነፋሱ መጨመሩ መቼ ነው ልብ ያሉት? ዛፎቹ ይጎብጡ ጀመር? የቤት ክዳን ተነሥቷል?

ቀላሉን ሸራ በጥቅል ልኬያለሁ። በሁለት ጣት ይነሣል።

ልጅዎ ጥያቄ

*

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። አባ ሸራ ለደብዳቤ የሚዘገዩ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ፖስታው በደረሰ በማግሥቱ ነው መልሰው የሚልኩት። ለዚህኛው መልስ የሰጡት ከደረሳቸው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሲሰጡም እንዲህ ነው።

*

ታኅሣሥ 28

ለልጄ ለጥያቄ፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ የወፍጮውን ድንጋይ ስወቅር ነበር።

ሸራው ደርሶኛል፤ ቀላል ነው። እጅሽ አይንጠፍ።

የወፍጮው ፍሬን አርጅቶ ነበርና ለወጥኩት። የበፊቱ እንጨት ሲግል ይጨስ ነበር፤ የአሁኑ አይጨስም። መጀመሪያ ሰፊ አድርጌ ጠረብኩት፣ አልገባም፤ ከዚያ በሞረድ ሳልኩት፣ ገባ። ከዚያ ደግሞ ሲገባ ጮኸ፤ ሳሙና ቀባሁት፣ ዝም አለ። አንቺ ልጅ ሆነሽ የበፊቱን ፍሬን ስትይዢ ትንጠለጠዪበት ነበር።

አንድ የሚታመም ጎረቤት አለኝ፤ ትከሻውን ነው። እዚያ አገር ለመገጣጠሚያ የሚቀባ ጥሩ መድኃኒት ካለ ብትልኪለት ይመርቅሻል። የቀኝ ትከሻው ነው።

አባባሽ

*

ጥር 8

ለውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ፈጣሪ የልብዎን ይሙላልዎ። ለጎረቤትዎ መድኃኒቱን ልኬያለሁ፤ ጠዋትና ማታ ይቀባው። ቀኝም ግራም ቢሆን ይሠራል።

ስለ ፍሬኑ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ነፋሱ ግን አንድ ቃል አላገኘሁበትም። ረሱት መሰለኝ፤ አሁን ግን ጊዜው ደርሷል። ለምን እንደምቸኩል ልንገርዎ። በሳንቃዎቹ ላይ ተመሥርተው ለከተማችን የመረጡት ማሽን ለብርቱ ነፋስ የተሠራ ነው፤ አጭርና ከባድ ክንፍ ያለው። እንደነገሩኝ ነፋሱ እንደ መዝገቡ ከሆነ ፓምፑንም ጤና ጣቢያውንም ችሎ ይተርፋል። እንደ መዝገቡ ካልሆነ ግን ቆሞ ወፍ የሚያስፈራራ ብረት ነው የሚሆነው። አይሆንም ብያቸዋለሁ። የአባቴን ያህል የማምነው ሰው እጅ ነው የጻፈው ብያለሁ።

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ባለፈው ሳምንት ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ወጣች። ከጥር 25 በኋላ ማን እንደሚቀር ይነግሩናል። እኔ ደህና ነኝ፤ አያስቡ።

የሚጻፈው አንድ መስመር ይበቃኛል።

ልጅዎ

*

ይህ ደብዳቤ ከተማችን የገባው ጥር 21 ነው። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ገበያ ልወጣ ስል በሬ ተንኳኳ። አባ ሸራ ናቸው፤ በግራ እጃቸው የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል።

«ስልክ አለሽ አይደል?» አሉኝ።

«አለኝ፤ ይግቡ እንጂ።»

«ጮክ ብለሽ ማንበብ ትችያለሽ?»

«የሰፈሩን ወሬ ማሰማት ሙያዬ እኮ ነው አባ ሸራ።»

«እንግዲያው ካፖርቱን አውልቂ። ዛሬ ነፋስ የለም።»

በመስኮት ወደ ኮረብታው ተመለከትኩ። ሁለት ሸራ። ከዚያ እሳቸውን ተመለከትኩ። ካፖርቴን አወለቅኩና ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ለጥያቄ ደወልኩ፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያነበብኩላት ይህንን ነው።

*

ጥር 22

ልጄ፣

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ፖስታ አይደርስልሽምና በሰው አፍ ነው የምትሰሚው።

ነፋሱ አልጨመረም። እኔ ነኝ የቀነስኩት።

በሃያ ስድስተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሦስተኛውን ክንፍ ሳለብስ እግሬ ሸርተት አለ። አልወደቅኩም፤ በቀኝ እጄ ተንጠለጠልኩ። ትከሻዬ ያን ቀን የሆነውን ሆነ፣ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ሁለት ክንፍ አለብሳለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ክንዴ እምቢ ይለኛል። ነፋሱ ደካማ በሆነበት ቀን ወፍጮው በሁለት ሸራ እያዘገመ ይፈጫል። ሰው ዱቄቱ ለምን ዘገየ ሲለኝ ድንጋይ ስወቅር ነው እላለሁ። ያን ድንጋይ እንዳልኩት ወቅሬው ቢሆን ኖሮ እስካሁን አልቆ ነበር።

ሳንቃውን አላጭበረበርኩም። ሁለት አለበስኩ፣ ሁለት ጫርኩ። ስገለብጥልሽም የጻፍሽልኝ ስንት ሸራ የሚለውን ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ነፋስ እየቆጠርሽ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ያጨበጨቡልሽን ቀን ስታወሪልኝ ቀለሜን አንሥቼ አንድ ወር አስቀመጥኩት።

ከተናገርኩ ልጄ ትሰማለች፤ ከሰማች የወፍጮውን ቁልፍ ትወስዳለች። ከዚያ በኋላ እኔ ልብስ ቤት ጥግ ተቀምጬ ክር የማቀብል ሽማግሌ ነኝ። የፈራሁት ይህንን ነው። ያ ብረት ኮረብታዬ አጠገብ ቆሞ ሳይዞር ሰው ሁሉ ያንቺን ስም እያነሣ ከሚሄድ ግን ቁልፉ ይሂድ። ስድስቱን ሳንቃዎች ጣያቸው። ሃያ አምስቱ ላይ በነፍሴ እምልልሻለሁ።

የታመመ ጎረቤት የለኝም። መድኃኒቱ ግን ጥሩ ነው።

አባባሽ

*

በስልኩ ውስጥ ድምፅ የለም። አባ ሸራ ሳይዞሩ «ምን አለች?» አሉ።

«ዝም አለች።»

«ጥያቄ ዝም አለች?» ዞሩ፤ ፊታቸው ነጥቷል። «ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ነቅነቅ አድርጊው።»

ያን ጊዜ ልጅቷ ቀስ ብላ «እስቲ ነፋሱ አልጨመረም የሚለውን ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋችው። አባ ሸራ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። ያን ቀን ገበያ ሳልሄድ ቀረሁ።

*

የካቲት 2

ለአባባ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ከልቤ ነው የምጠይቅዎ፤ ለመክፈቻ ያህል አይደለም። ከእንግዲህ ደህና ነኝ ብለው ሲጽፉልኝ የትኛው ትከሻ እንደሆነ ጨምረው ይጻፉ።

ተናድጃለሁ። መጀመሪያ ይሄ ይውጣልኝ። ስድስት ዓመት በአንድ እጅ ክንፍ ላይ ሲንጠለጠሉ እኔ ስለ ሊፍት እጽፍልዎታለሁ! ሁለት ቀን ቁጣዬ አልበረደም። በሦስተኛው ቀን ኮሚቴው ፊት ቆምኩ።

«ከሃያ ስድስተኛው ዓመት ጀምሮ ያለው መዝገብ የነፋስ አይደለም፤ የአባባዬ ትከሻ መዝገብ ነው» አልኳቸው። አንዱ ሳቀ። አለቃዬ አልሳቀችም። ሰብሳቢው «መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ። እዚህ ጋ አባባ፣ እርስዎ ለእኔ እንደተናዘዙት እኔም ልናዘዝልዎ። ነፋስ በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ አይሆንም። ይህንን ማንም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ኅዳር ላይ ሠንጠረዡን ሳይ የሆነ ነገር ኮርኩሮኝ ነበር። ግን ቁጥሩ ጠቀመኝ፤ የጠቀመኝን ነገር ደግሞ አገላብጬ ማየት አልፈለግኩም። እርስዎን ዛፍ ጎብጧል ወይ ብዬ የጠየቅኩት ለምን ይመስልዎታል? አዎ እንዲሉኝ ነው። ለሰብሳቢውም «መጠርጠር የነበረብኝ ኅዳር ላይ ነው፤ ያወቅኩት ከሦስት ቀን በፊት ነው» አልኳቸው።

ውሳኔው እንዲህ ነው። ስድስቱ ወጡ። ሃያ አምስቱ ተቀባይነት አገኙ፤ ከቀረቡት መዝገቦች ሁሉ ረጅሙ አሁንም የእርስዎ ነው። ከባዱ ማሽን ተሰረዘ። በሃያ አምስቱ መሠረት የእኛ ነፋስ ለስላሳ ግን የማይጠፋ ነው። እንዲህ ላለው ረጅምና ቀጭን ክንፍ ያለው፣ በትንሽ ነፋስ የሚነሣ ማሽን አለ፤ አራቱንም ሸራ እንደማልበስ ነው። ግን ከመትከላቸው በፊት አንድ ዓመት በመሣሪያ ይለካ ብለዋል። ወፍጮው አጠገብ ረጅም የመለኪያ ምሰሶ ይቆማል፤ በየቀኑ ቁጥሩን አንብቦ የሚፈርም ሰውም ያስፈልጋል። ቅጹ ላይ «የሥራ ልምድ» ይላል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ብዬ ሞልቼዋለሁ።

እኔስ? ቢሮ ያለውን ወንበሬን ለሌላ ሰጥተውታል። ለእኔ የደረሰኝ ምሰሶው ነው፤ ለስድስት ወር፣ እዚያው እናንተ ጋ ሆኜ እንድከታተል። አለቃዬ ስትነግረኝ እንደ ቅጣት አድርጋ ነው። እኔም እንደተቀጣ ሰው አንገቴን ደፍቼ ወጣሁና ደረጃው ላይ ሳቅ አመለጠኝ።

ለልጅዎ ለአክስቴ ራስዎ ይንገሯት። ከሌላ ሰው እንዳትሰማ።

ልጅዎ ጥያቄ

*

የካቲት 24

ለልጄ ለጥያቄ፣

መምጫሽን የሰላም ያድርግልኝ። የቀኙ ትከሻዬ ያው ነው፤ የግራው ደህና ነው። ይኸው ጻፍኩልሽ።

ለልጄ ነገርኳት። ልብስ ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቄ ነገርኳት። መቀሷን አስቀመጠች።

«ስድስት ዓመት!» አለች። «የምሰፋልህ ሸራ ለምን እንደማያልቅ ስጠይቅህ ‹ስፌትሽ ጥሩ ስለሆነ ነው› አልከኝ። እኔም ስድስት ዓመት በስፌቴ ስኮራ ኖርኩ!»

«ስፌቱም ጥሩ ነው» አልኳት።

«ዝም በል አባዬ!»

እጇን ዘረጋች፤ ቁልፉን አወጣሁና ሰጠኋት። ከዚያ «የምትወጣበትን ጫማም» አለችኝ። ያንን ክንፍ ላይ የማይሸራተተውን ለስላሳ ጫማዬን። እዚያው ወንበር ላይ አወለቅኩት። በካልሲ ተቀምጬ ያንቺን ደብዳቤዎች ሁሉ፣ ከጥቅምቱ ጀምሮ፣ አንድ በአንድ ስታነብ አየኋት። አለቀሰች፤ እኔን እንዳላይ ብላ ዞር አለች፣ መስተዋቱን ግን ረሳችው።

ከዚያ ወደ ጥቅምቱ ደብዳቤ ተመልሳ አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች። ክንፉን ከውስጥ በዘንግ ይጠመዝዙታል፣ ማንም አይወጣበትም ያልሽው ጋ። ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ «አባዬ፣ መጋረጃ ለመክፈት ወንበር ላይ የሚወጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

በማግሥቱ ሜትር ይዛ ኮረብታው ላይ መጣች። ክንፉ ወደ ታች ሲመጣ ጫፉ ደረቴ ጋ ነው የሚደርሰው። ሸራው በቀለበት ርብራቡ ላይ ይያዝ፣ ገመዱ እስከ ጫፉ ይውረድ፤ መሬት ላይ የቆመ ሰው ሲስበው ይዘረጋል፣ ሲለቀው ይሰበሰባል። እንደ መጋረጃ። የሠላሳ አንድ ዓመት ወፍጮ ፈጪ ነኝ፤ ይሄ አልመጣልኝም። የአንቺ ብረት ከእኛ ተማረ ስትዪኝ ነበር፤ አሁን እኛ ከእሱ ልንማር ነው።

ስለ ፊርማው እሺ ብያለሁ። ግን በሳንቃውም ላይ መጫሬን አልተውም። መሣሪያሽ ምን ያህል ነፈሰ ይበል፣ እኔ ስንት አለበስኩ እላለሁ፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ አንቺ ትጠይቂኛለሽ። በዚህ ጊዜ እመልስልሻለሁ።

ልጄ ቁልፉን መልሳልኛለች። ጫማውን ግን አልመለሰችም።

አባባሽ

*

ይህን የምጽፈው ሰኞ ዕለት ነው። ልጅቷ ከምሰሶው ጋር ሐሙስ ጠዋት ትገባለች፤ ገመዱም የሚሞከረው ያን ቀን ነው፤ እሷ ሳትደርስ አይነካም ብለዋል አባ ሸራ። ዛሬ በልብስ ቤቱ በኩል ሳልፍ ልብስ ሰፊዋ የአራተኛውን ሸራ ቀለበቶች ትሰፋ ነበር፤ ጨርቁ ከጠረጴዛው ተርፎ መንገዱ ላይ ወጥቷል።

«ይሠራል?» አልኳት።

«እኔ ሰፍቼው ያልተከፈተ መጋረጃ የለም» አለችኝና ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ግን እስከ ዛሬ አንዱም መጋረጃዬ ዞሮ አያውቅም።»

አባ ሸራ ግን በተራ የመንገድ ጫማቸው ወፍጮው ሥር ቆመው ክንፎቹን ወደ ላይ ያያሉ፤ ያን ሲያደርጉ ደግሞ ሳያስቡት የቀኝ እጃቸው ይነሣና ደረታቸው ጋ ሲደርስ ይቆማል።

እንግዲህ ሐሙስ ማለዳ ኮረብታው ላይ ነኝ። አራቱም ሸራ ከመሬት ተስቦ ቢዘረጋ፣ ሁለተኛው ላይ ቢቆላለፍ፣ ወይም አባ ሸራና ጥያቄ ገና ሳይሳሳሙ ስለ ትከሻው ቢጨቃጨቁ፣ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ አመጣላችኋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራችሁ ግን የመጀመሪያውን ገመድ ማን እንደሳበው ነው።